ከዋልታ በረዶ ወደ ከዋክብት ኮረብታ፤ የራስል ፖርተር የሕይወት ታሪክ

ሰማይ ለድኻውም ለባለጸጋውም እኩል የተዘረጋ ነው። ከዋክብትን አቅርቦ የሚያሳየው ቴሌስኮፕ ግን ለብዙ ዘመን በባለጸጎችና በታላላቅ ትምህርት ቤቶች እጅ ብቻ ይገኝ ነበር። ይህ መሣሪያ ተራ ሠራተኛ በገዛ እጁ ሊሠራው የሚችል መሆኑን ካሳዩት ሰዎች መካከል አንዱ አሜሪካዊው ሚስተር ራስል ፖርተር ናቸው። ስማቸው በጨረቃ ላይ ላለ አንድ ጎድጓዳ ስፍራ መጠሪያ እስከ መሆን የደረሰው እኚህ ሰው፥ ወደዚህ ሥራ የገቡት በሌላ መስክ ብዙ ከደከሙና ያሰቡት ሁሉ ሳይሳካላቸው ከቀረ በኋላ ስለ ነበረ፥ ታሪካቸው ለአንባቢ ትምህርት የሚሰጥ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ራስል ፖርተር በዲሴምበር 13 ቀን 1871 ዓ.ም. በቬርሞንት ግዛት በምትገኘው በስፕሪንግፊልድ ከተማ ተወለዱ። በቦስተን ከተማ የሕንፃ ንድፍ ተምረው ነበር፤ ነገር ግን በዚያ ዘመን የወጣቶችን ልብ ይስብ የነበረው የሰሜን ዋልታ ጉዞ የእርሳቸውንም ልብ ወሰደው። በ1894 ዓ.ም. የተሳፈሩባት ሚራንዳ የተባለችው መርከብ በመጀመሪያ ከበረዶ ተራራ ጋር፥ ኋላም በግሪንላንድ አጠገብ ከባሕር ውስጥ ቋጥኝ ጋር ተጋጭታ ሰጠመች። ተሳፋሪዎቹም በአንዲት የዓሣ አጥማጆች መርከብ ተጭነው ተረፉ።

ይህ አደጋ ሚስተር ፖርተርን አላስፈራቸውም። ደጋግመው ወደ ሰሜን ተመለሱ። ከሁሉም የከፋው በ1903 ዓ.ም. የጀመረው ጉዞ ሲሆን፥ የተጓዙባትን መርከብ የባሕሩ በረዶ ጨፍልቆ አጠፋት። ጓዶቹ ረዳት መርከብ እስከ መጣችበት እስከ 1905 ዓ.ም. ድረስ በበረዶ በተከበቡ ደሴቶች ላይ ቆዩ። ወደ ዋልታው ግን አልደረሱም። በ1906 ዓ.ም. ደግሞ ከሐኪሙ ፍሬድሪክ ኩክ ጋር የአላስካን ታላቅ ተራራ ለመውጣት በካርታ አንሺነት ሄዱ። ፖርተር በሌላ በኩል ካርታ በማንሳት ላይ ሳሉ፥ ኩክ ከተራራው ጫፍ ደርሻለሁ ብለው ለዓለም አወሩ። ወሬው ሐሰት መሆኑ ኋላ ተረጋገጠ። በዚህ ዓይነት የጉልማስነታቸው ዘመን በጠፋ መርከብና በሐሰት ዝና መካከል አለፈ።

ከዚህም በኋላ ሚስተር ፖርተር ሜይን በተባለው ግዛት በባሕር ዳር ተቀመጡ። በ1907 ዓ.ም. ትዳር ያዙ፤ ቤት እየሠሩም ይኖሩ ጀመር። የቴሌስኮፕ መስተዋት መሞረድ የተለማመዱት በዚህ ጊዜ ነው። ወዳጃቸው ጀምስ ሃርትነስ በስፕሪንግፊልድ የአንድ ታላቅ የብረት መሣሪያ ፋብሪካ አለቃ፥ ኋላም የቬርሞንት ገዥ የነበሩ የከዋክብት ወዳጅ ናቸው። እርሳቸው በ1919 ዓ.ም. ስለ ጠሯቸው፥ ፖርተር ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ ሲጠጋ ወደ ተወለዱባት ከተማ ተመለሱ። በፋብሪካውም የብሎንን ጥርስ ጥላ አጉልቶ በመጋረጃ ላይ በመጣል ስሕተቱን የሚያሳይ መሣሪያ እንዲሠራ ረዱ።

በ1920 ዓ.ም. ሚስተር ፖርተር መስተዋት መሥራት ለሚፈልጉ ሰዎች ትምህርት ከፈቱ። አሥራ አምስት ወንዶችና አንዲት ሴት ተመዘገቡ፤ አብዛኞቹ የፋብሪካ ሰዎች ነበሩ።

ሥራው ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው። ሁለት ክብ ወፍራም መስተዋቶች ይደራረባሉ፤ በመካከላቸው ሸካራ ዱቄትና ውሃ ይጨመራል፤ የላይኛው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲገፋ በጥቂት በጥቂቱ እየጎደጎደ፥ የታችኛው ደግሞ እየጎበጠ ይሄዳል። ከዚያም ዱቄቱ ደረጃ በደረጃ እየላመ ይለወጣል፤ በመጨረሻም መስተዋቱ በዝፍት ላይ በቀይ የብረት ዝገት ዱቄት ይወለወልና ስስ ብር ይቀባ ነበር። የሚፈቀደው ስሕተት ከአንድ ጠጉር ውፍረት አንድ ሺኛ ያህል ብቻ ነው። ይህንንም ያለ ውድ መሣሪያ፥ በትንሽ መብራትና በአንድ ምላጭ፥ በመስተዋቱ ላይ የሚወድቀውን ጥላ በማየት መመርመር ይቻላል። ቀን ብረት ሲቆርጥ የዋለ ሠራተኛ ማታ በገዛ እጁ በሞረደው መስተዋት የሳተርንን ቀለበት ሲያይ የሚሰማውን ደስታ አንባቢ ሊገምተው ይችላል።

እነዚህ ሰዎች በ1923 ዓ.ም. የስፕሪንግፊልድ ቴሌስኮፕ ሠሪዎች ማኅበርን አቋቋሙ። ፖርተር ከከተማው ውጭ በነበራቸው ኮረብታ ላይም አባሎቹ ቤት ሠርተው ስቴላፌን አሉት፤ ትርጓሜውም የከዋክብት መቅደስ ማለት ነው። በቤቱ ግንባር ላይ ሰማያት የፈጣሪን ክብር እንደሚናገሩ የሚገልጸውን፥ በእኛ ዳዊት በ18ኛው መዝሙር የሚገኘውን ቃል ጻፉበት። ቆየት ብሎም በዚያው ኮረብታ ላይ በፖርተር ንድፍ ሌላ ቴሌስኮፕ ተተከለ። በዚህኛው ተመልካቹ በሞቀ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ፥ ከውጭ ብርድ ሳያገኘው ሰማይን ይመረምራል። የዋልታን ብርድ የቀመሰ ሰው ይህን ማሰቡ አያስደንቅም።

የማኅበሩ ወሬ ከኮረብታው ወርዶ የተሰማው በ1925 ዓ.ም. ነው። የታወቀ የሳይንስ መጽሔት አዘጋጅ የነበሩት አልበርት ኢንጋልስ ወደ ስፍራው ሄደው ያዩትን ጻፉ። በየአገሩ ያሉ ሰዎችም የአሠራሩን ዘዴ ለማወቅ ስለ ጠየቁ፥ በ1926 ዓ.ም. የማስተማሪያ መጽሐፍ ታተመ። በዚያው ዓመት በጁላይ ጥቂት ቴሌስኮፕ ሠሪዎች በኮረብታው ላይ ተሰበሰቡ። ያ ጉባኤ እስከ ዛሬ አልተረሳም፤ በእኛ ክረምት፥ በእነርሱ በጋ፥ የጨረቃ ብርሃን በማያውክበት ሰሞን ብዙ ሰው የሠራውን ቴሌስኮፕ ይዞ ይመጣል። ቀን የመሣሪያዎቹ አሠራር ይመረመራል፥ ለተሻሉትም ሽልማት ይሰጣል፤ ማታ ንግግር ይደረጋል፤ ከጨለመ በኋላም አንዱ በሌላው ቴሌስኮፕ ከዋክብትን ይመለከታል።

በ1928 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የሥነ ፈለክ ሊቁ ጆርጅ ሄል 5 ሜትር ስፋት ያለው መስተዋት ለሚኖረው ታላቅ ቴሌስኮፕ ሥራ ፖርተርን ወደ ካሊፎርኒያ ጠሯቸው። እርሳቸውም ገና ያልተሠራውን ማሽን ከመሐንዲሶቹ ንድፍ ላይ እያዩ፥ ውስጡ ተከፍቶ የሚታይ አስመስለው ሳሉት። ቴሌስኮፑ በፓሎማር ተራራ ላይ በ1948 ዓ.ም. ተመረቀ፤ በ1949 ዓ.ም. በጃንዩዌሪ የመጀመሪያው ፎቶግራፍ ተነሳበት። ሚስተር ፖርተር ይህ ከሆነ አንድ ወር እንኳ ሳይሞላ፥ በፌብሩዌሪ 22 ቀን በ77 ዓመታቸው ዐረፉ።

የፓሎማሩ ቴሌስኮፕ የብዙ ሊቃውንትና የብዙ ገንዘብ ፍሬ ነው፤ ያለ ፖርተርም መሠራቱ አይቀርም ነበር ይባል ይሆናል። የስፕሪንግፊልድ ማኅበር ግን አንድ ሰው የሚያውቀውን ለጎረቤቶቹ ለማካፈል ፈቃደኛ ባይሆን ኖሮ ባልተወለደ ነበር። ወጣቱ ፖርተር ማንም ያልረገጠውን ምድር ሲፈልጉ ሳይሳካላቸው ቀረ፤ በጎለመሱ ጊዜ ግን በተወለዱበት አገር ኮረብታ ላይ ቆመው ለሌላው መንገድ አሳዩ። ዕውቀት በአንድ ሰው ዘንድ ተዘግቶ ሲቀር ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል፤ ለሌላው ሲሰጥ ግን ሰጪው ካለፈም በኋላ ይሠራል።