አባ ኢየሱስ ሞዐ ዘሐይቅ

የሰው ትውልድ ሲመረመር አስቀድሞ የሚጠየቀው የአባትና የእናት ስም ነው። የአባ ኢየሱስ ሞዐን ቤተሰብ ለማወቅ ግን ከሥጋ ልደት ይልቅ የመንፈስ ልደትን መከተል ይገባል።

ገድላቸው እንደሚነግረን የተወለዱት በዳኅና ነው። ዘመዶቻቸውን ትተው ወደ ደብረ ዳሞ ወጡ፤ በአባ ዮሐኒም እጅ መነኰሱ። በ1240 ዓ.ም. ገደማ ወደ ሐይቅ ደሴት መጥተው በቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን የመነኮሳትን ማኅበር አጸኑ፤ ስፍራውንም የትምህርት ቤት አደረጉት። በኋላ ደብረ ሊባኖስን የመሠረቱት አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከዚሁ ቤት የወጡ ልጃቸው ናቸው። እነሆ፥ በሥጋ ልጅ ያልወለዱት አባት የብዙ ገዳማት አያት ሆኑ።

ይህን ሁሉ የምናውቀው በቃል ብቻ አይደለም። በ1273 ዓ.ም. ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል እስከ ዘመናችን ደርሷል፤ ሥዕላቸው ይገኝበታል፥ የገዳሙም ንብረት ተመዝግቦበታል። ከሰባት መቶ ዓመት በላይ ይህን ብራና የጠበቁት ስማቸው ያልተጻፈ ዕቃ ቤቶች ናቸው።

እንግዲህ በየደብሩ ያለውን መጽሐፍ ከእርጥበት፥ ከአይጥና ከሌባ የማይጠብቅ አገልጋይ የአባቶቹን መታሰቢያ በገዛ እጁ ያጠፋል። ኅዳር 26 ቀን የጻድቁን በዓል ስናከብር አደራቸውንም እናስብ። በረከታቸው ይደርብን፤ አሜን።