ሐኪም ወርቅነህና የስኮትላንድ ወረቀታቸው

እኛ ከወረታና ከፎገራ ሜዳ የመጣን ሰልጣኞች ስለ እንግሊዝ አገር ዩኒቨርሲቲ ስናወራ ወሬያችን ሁሉ የማመልከቻ ቀን ነው። የኦክስፎርድና የካምብሪጅ በጥቅምት መጀመሪያ፣ ሩዛችን ገና ሳይታጨድ ይዘጋል። እስቲ ከኛ ብዙ ቀድመው የሄዱትን የጎንደሩን ሰው እንይ።

ወርቅነህ እሸቴ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ እንግሊዞች ያገኟቸው ሕፃን ነበሩ። ኮሎኔል ቻምበርሌን ሕንድ ወስዶ አሳደጋቸው፤ እሱ ሲሞት ኮሎኔል ማርቲን አስተማራቸው። ስማቸውም ቻርልስ ማርቲን ተባለ።

ላሆር ሕክምና ተምረው ሥራ ያዙ። ያ ግን አልበቃቸውም። ደመወዝ ከለመዱ በኋላ እንደገና ተማሪ ሆነው ስኮትላንድ ወረዱ፤ በ1883 ዓ.ም. ገደማ ከኤዲንብራና ከግላስጎ የሐኪምነት ፈቃድ አገኙ። ወረቀቱስ ተገኘ። ከዓድዋ ድል በኋላ አዲስ አበባ ሲገቡ ግን አማርኛው ጠፍቷቸው በሽተኛውን የሚያናግሩት በአስተርጓሚ ነበር። አያታቸው የለዩዋቸው እንኳ በገላቸው ጠባሳ ነው። እኛን ከማመልከቻው ቀን ይበልጥ ያሳሰበን ይሄ ነው።

ኋላ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት የበላይ ተቆጣጣሪ ሆኑ፤ ጣልያን ሲወረን ለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ነበሩ። እንግሊዝ አገር ያስተማሯቸው ልጆቻቸው ብንያምና ዮሴፍ ግን አገራቸው ገብተው ነበር፤ በ1929 ዓ.ም. ፋሺስቶች ሁለቱንም ገደሏቸው። አባት እስከ 1945 ዓ.ም. ኖሩ።