ጸጋዬና የመድረኩ ክፋት

ጸጋዬ ገብረ መድኅን በነሐሴ ወር 1928 ዓ.ም. በአምቦ አቅራቢያ፣ ቦዳ በተባለች ቀበሌ ተወለደ። ወር ባልሞላ ጊዜ አስቀድሞ፣ ሐምሌ 22 ቀን፣ ከሱሉልታ ማዶ ከሰላሌ ከዘመቱት አርበኞች ጋር የተሰለፉት አቡነ ጴጥሮስ አዲስ አበባ ላይ በፋሽስት ጥይት ተረሽነው ነበር። ሕፃኑ አድጎ፣ ቡራዩን አቋርጦ በሚያልፈው የአምቦ መንገድ ለትምህርት ወደ ዋና ከተማይቱ ገባ፤ ቈይቶም በሎንዶንና በፓሪስ የቴአትር ጥበብን ቀሰመ።

«ኦቴሎን»፣ «ማክቤዝን» እና «ሐምሌትን» ወደ አማርኛ ሲመልስ፣ የሼክስፒር ክፋት በሦስት መልክ ለኢትዮጵያዊው ተመልካች ቀረበ፦ በኢያጎ ወዳጅ መስሎ ጆሮ የሚመርዝ፣ በቀላውዴዎስ የንግሥና ካባ የደረበ፣ በማክቤዝ ግን ከጀግናው ከራሱ ልብ የሚበቅል። ከሁሉ የሚያስፈራው ይህ የመጨረሻው ነው። ኢያጎን ጠልቶ መገላገል ይቻላል፤ ማክቤዝን ግን ተመልካቹ እያዘነለት አብሮት ወደ ጥፋቱ ይወርዳል።

ጸጋዬ ስለ አቡኑ «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» የተሰኘውን ቴአትር ሲደርስ፣ የወራሪውን ጭካኔ አጉልቶ ሕዝብን ማስለቀስ ቀላል መንገድ ነበር። የድርሰቱ ክብደት ያረፈው ግን በጳጳሱ የውስጥ ጭንቀትና ምሬት ላይ ነው።

ደራሲው የካቲት 18 ቀን 1998 ዓ.ም. በኒው ዮርክ አርፎ፣ አዲስ አበባ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ።