ኦቶ በኦቶና

ለዚህ ዕትም የአንድ ታዋቂ ሰው የሕይወት ታሪክ እንድጽፍ ተራው ሲደርሰኝ የመረጥኩት ጀርመናዊውን ኒኮላውስ ኦቶን ነው። ርዕሱን አይታችሁ ፈገግ ያላችሁ አትጠፉም። የሰውየውና የሰፈራችን የኦቶና ስም የተመሳሰለው እንዲያው በአጋጣሚ ነው። እኔ ዘንድ ሁለቱን ያገናኛቸው አልነሳም ያለ አንድ የሳር ማጨጃ ነው። ስለዚህ ታሪኩን ከእሱ ልጀምር።

አጎቴ ኦቶና አካባቢ የየግቢውን ሳር እያጨዱ ነው የሚተዳደሩት። ያላቸው መሣሪያ በእጅ የሚገፋ፣ ባለ አንድ ሲሊንደር የቤንዚን ማጨጃ ነው። በጋ ሲገባ ሥራ ስለማይኖር ከኅዳር ጀምሮ ማጨጃው ጥግ ይዞ ይቀመጣል። ዘንድሮ የበልጉ ዝናብ ጥሎ ሳሩ ሲነሳ አውጥተው ገመዱን ቢስቡ ቢስቡ ወይ ፍንክች! አንድ ጠጋኝ ዘንድ ወሰዱት። እሱም ገመዱን ሳብ ሳብ አድርጎ፣ እመቃ የለውም፣ ፋሻው አልቋል፣ ሞተሩ ይቀየር አላቸው። የአዲስ ሞተር ዋጋ ደግሞ አጎቴ በአንድ ክረምት ከሚያገኙት ይበልጣል። በአጭሩ ማጨጃው ከሞተ የልጆቹ ደብተርና ዩኒፎርም አብሮ መሞቱ ነው።

ያኔ እኔ ትዝ አልኳቸው። እኔም የሞተር ኮርሱን በኤ ያለፍኩ ሰው ነኝና ጉራዬን ይዤ ሄድኩ። በራሳቸው ገንዘብ አዲስ ካንዴላ አስገዛኋቸው። አልነሳም። ይሄን ፈታሁ፣ ያንን አጠበቅሁ፣ አሁንም አልነሳም። ሲመሽ፣ ምናልባት ጠጋኙ ልክ ሳይሆን አይቀርም ብዬ ወደ ዶርሜ ተመለስኩ። አጎቴ ምንም አላሉኝም። ዝም ማለታቸው ነው የከበደኝ።

የኦቶን ታሪክ ማንበብ የጀመርኩት በዚያው ሰሞን ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሱቅ እስከ ሞተር

ኒኮላውስ አውጉስት ኦቶ በ1832 በጀርመን አገር ሆልትስሃውዘን በምትባል ትንሽ መንደር ተወለደ። አባቱ እዚያው መንደር የእንግዳ ማረፊያ ነበረው፤ ነገር ግን ልጁ ገና አራስ ሳለ ሞተ። ኦቶ በትምህርቱ ጎበዝ ስለነበር እናቱ ቴክኒክ ሊያስተምሩት አስበው ነበር። በ1848 ግን ጀርመንን አብዮት አናወጣት። እናት ሰጉ፤ ከቴክኒክ ይልቅ ንግድ ይሻለዋል ብለው በ16 ዓመቱ ከትምህርት ቤት አውጥተው ሱቅ አስገቡት። ከዚያ በኋላ በኮሎኝ ከተማ ላሉ ነጋዴዎች ሻይ፣ ስኳርና የወጥ ቤት ዕቃ እያስተዋወቀ ከከተማ ከተማ የሚዞር ሻጭ ሆነ። ልብ በሉ፤ ዛሬ በየመማሪያ መጽሐፋችን ኦቶ ሳይክል እየተባለ የሚጠራው ሰው የምህንድስና ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠም።

በ1860 ኤትየን ለኖዋር የሚባል ቤልጅግ ተወላጅ በፓሪስ የጋዝ ሞተር ሠራ። ሞተሩ ጋዝና አየር ስቦ ሳያምቅ የሚያቃጥል ስለነበር ጋዙን ይጨርሰው ነበር እንጂ ጉልበቱ እምብዛም ነበር። ሆኖም ወሬው ሻይ ሻጩን ኦቶን ልቡን ሰረቀው። ከወንድሙ ጋር ሆኖ ሞተሩ በጋዝ ፋንታ በፈሳሽ ነዳጅ እንዲሠራ የሚያደርግ መሣሪያ አስቦ የፈጠራ መብት ጠየቀ፤ ተከለከለ። በዚህ ግን አልቆመም። ሚካኤል ዞንስ የተባለ የኮሎኝ ባለሙያ ትንሽ የሙከራ ሞተር ሠራለት።

እንቅልፍ የነሳኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ኦቶ በዚህች ትንሽ ሞተር ላይ ፒስተኑን ወደ ታች ስቦ ድብልቁን አስገባ፤ ከዚያ ፒስተኑን ወደ ላይ መልሶ ድብልቁን አመቀው፤ ከዚያ ለኮሰው። መዘውሩ ከዚያ በፊት ባልታየ ጉልበት ተሽከረከረ። ይህ ሰው ፎርሙላ አልነበረውም። የነበረው ነገር እያንዳንዱን እርምጃ በተራ፣ አንድ በአንድ አይቶ ማለፍ ነው። እኔ ማጨጃው ላይ ያላደረግሁት ይህንኑ ነበር።

የተሰበረው ሞተርና የዶይትዝ ፋብሪካ

በ1862 ኦቶ በዚህ ሐሳብ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ሠራ። ሞተሩ ጥቂት ከሠራ በኋላ በቃጠሎው ምት ተንኮታኮተ። ሌላ ሰው ቢሆን ወደ ሻይና ስኳሩ ይመለስ ነበር። ኦቶ ግን ሐሳቡን ለጊዜው ወደ ጎን አድርጎ ሌላ ዓይነት ሞተር ላይ አተኮረ። ይህኛው ቃጠሎው ፒስተኑን ወደ ላይ ወርውሮ፣ የአየር ግፊት መልሶ ሲጫነው ሥራ የሚሠራ ረጅምና ጫጫታ የበዛበት ሞተር ነው።

በ1864 ኦይገን ላንገን ከሚባል ከሀብታም ቤተሰብ የተወለደ ቴክኒክ የተማረ ሰው ጋር ሽርክና ገቡና በኮሎኝ የሞተር ፋብሪካ ከፈቱ። አንዱ የእጅ ሙከራ፣ ሌላው ትምህርትና ገንዘብ ነበረው። በ1867 በፓሪስ የዓለም ኤግዚቢሽን ሞተራቸው ለፈተና ሲቀርብ ለኖዋር ከሚፈጀው ጋዝ ግማሽ እንኳ አልፈጀም፤ የወርቅ ሜዳሊያ ተሸለሙ። በ1872 ኩባንያው የዶይትዝ ጋዝ ሞተር ፋብሪካ ተብሎ እንደገና ሲዋቀር ጎትሊብ ዳይምለርና ቪልሄልም ማይባህ እዚያው ተቀጥረው ይሠሩ ጀመር።

በ1876 ኦቶ ከ14 ዓመት በፊት የተሰበረበትን ሐሳብ መልሶ አነሳ። በዚህ ጊዜ ሞተሩ ሠራ። መሳብ፣ ማመቅ፣ ማቃጠል፣ ማስወጣት፤ አራት ምት፣ ሁለት ዙር። ፍጥነቱ በደቂቃ 180 ዙር ገደማ ነበር። የዛሬ የሳር ማጨጃ እስከ 3,000 ዙር ይሄዳል፤ ማለትም በሴኮንድ 25 ጊዜ ይስባል፣ ያምቃል፣ ያቃጥላል፣ ያስወጣል። የምቶቹ ቅደም ተከተል ግን አንዲት ነገር አልተለወጠም።

ኦቶ በ1877 ለሞተሩ የፈጠራ መብት አገኘ። ታዲያ ደስታው ብዙ አልቆየም። ተፎካካሪዎቹ ሲፈላልጉ አልፎንስ ቦ ደ ሮሻ የሚባል ፈረንሳዊ በ1862 ያዘጋጀውን አንድ ጽሑፍ አገኙ። አራቱ ምቶች እዚያ ወረቀት ላይ በቅደም ተከተል ተጽፈዋል። ሰውየው አንድም ሞተር አልሠራም፤ ቢሆንም ሐሳቡ ቀድሞ ተጽፏልና በ1886 የጀርመን ፍርድ ቤት የኦቶን መብት ሰረዘው። ኦቶ ይህ ነገር እንደጎዳው ይነገራል። በ1891 በ58 ዓመቱ ኮሎኝ ውስጥ አረፈ።

ይህን ሳነብ በመጀመሪያ ለኦቶ አዘንኩ። ቀጥሎ ግን አፈርኩ። እኔ ራሴ ማን ነኝ? አራቱን ምቶች በወረቀት ላይ ጽፌ ኤ ያገኘሁ፣ አንድም ሞተር ያላስነሳሁ ሰው ነኝ። ለኦቶም ቢሆን የእጅ ሙከራ ብቻውን አልበቃውም። የሞተሩ ምስጢር ድብልቁ ሲሊንደሩ ውስጥ በንብርብር መቀመጡ ነው ብሎ ያምን፣ ፍርድ ቤትም በዚሁ ይከራከር ነበር። ዋናው ነገር ማመቁ መሆኑን ያስረዱት ከእሱ በኋላ የመጡ ምሁራን ናቸው። ለካ ሠሪውም የሠራውን በትክክል ላይረዳው ይችላል!

ወደ ማጨጃው ስመለስ

ቅዳሜ ጠዋት ተመልሼ አጎቴ ዘንድ ሄድኩ። በዚህ ጊዜ ካቻቢቴ ከማንሳቴ በፊት አራቱን ምቶች ደብተሬ ላይ ጻፍኩና በተራ ጠየቅኋቸው።

አንደኛ ማመቅ። የካንዴላውን ገመድ ነቀልኩ፤ ቢላዋ ካለው ማሽን ጋር ስትሠሩ ይህን ሳታደርጉ እጃችሁን አታስገቡ። ሽፋኑን ፈትቼ ፍላይ ዊሉን ወደ ኋላ በእጄ ወዝወዝ ሳደርገው እመቃው ላይ ሲደርስ እንደ ኳስ ነጥሮ ተመለሰ። ፋሻው አላለቀም ማለት ነው! ጠጋኙ ለምን ተሳሳተ? ብዙ ትንንሽ ሞተሮች ገመዱ እንዲቀል ሲነሱ እመቃውን በጥቂቱ የሚያላላ ዘዴ አላቸው። በዚህ ምክንያት ገመዱን ብቻ ስቦ የሚፈርድ ሰው ደህናውን ሞተር ሊገድል ይችላል።

ሁለተኛ ማቃጠል። ካንዴላውን ፈትቼ፣ ገመዱን መልሼ ሰክቼ፣ ቤንዚን በሌለበት ብረቱን ከሞተሩ አካል ጋር አስነክቼ ገመዱን ሳብኩ። ጥላ ሥር ሰማያዊ ብልጭታ ታየ። የድሮው ካንዴላም ሲሞከር እንዲሁ ያበራል። የአጎቴ ገንዘብ በከንቱ ወጥቷል።

ሦስተኛ ማስወጣት። የጭስ ማውጫው ክፍት ነው።

የቀረው መሳብ ነው። ያን ያህል ከሳብኩት በኋላ የካንዴላው ጫፍ ደረቅ ነበር፤ ነዳጅ አልደረሰውም። ጥቂት ጠብታ ቤንዚን በካንዴላው ቀዳዳ ጨምሬ፣ ካንዴላውን መልሼ አስሬ፣ ገመዱን ስስብ ሞተሩ ሁለት ሴኮንድ ያህል ጮኸና ጠፋ። አጎቴ ከተቀመጡበት ተነሱ።

ካርቡሬተሩን ፈታሁት። ከኅዳር ጀምሮ የተኛው ቤንዚን ወዙ ተኖ እንደ ቫርኒሽ የሚሸት ሙጫ ሆኗል። የዋናው ጄት ቀዳዳ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስለሆነ በዚሁ ተደፍኗል። በብረት ሽቦ ብጎረጉረው ቀዳዳው ይሰፋል፤ ስለዚህ ከኤሌክትሪክ ገመድ አንዲት ቀጭን የመዳብ ክር መዝዤ ከፈትኩት፣ በንጹሕ ቤንዚን አጠብኩት፣ ነፋሁት። ጓርኒሲዮኑ ደህና ነበር። የአየር ፊልትሮው በደረቅ ሳርና በአቧራ ታፍኖ ነበርና እሱንም ቀየርነው። ያረጀውን ነዳጅ ደፍተን ትኩስ ቤንዚን ጨመርን። በሦስተኛው ሳብታ ሞተሩ ተነሳ። አጎቴ ምንም ሳይሉ ማጨጃውን ይዘው ወደ ሳሩ ገቡ። የዚያን ቀኑ ዝምታቸው ግን ሌላ ነበር።

ሞተሩ ገና ሞቅ እንዳለ ጠቁሮ የነበረውን ዘይት ቀየርን። ዘይት በየ25 እስከ 50 ሰዓት ሥራ ቢቀየር ለእንዲህ ዓይነቱ ሞተር ዕድሜ ነው። ማጨጃውን ስታጋድሉት ደግሞ ካርቡሬተሩ ያለበት ጎን ወደ ላይ ይሁን፤ አለበለዚያ ዘይቱ ፊልትሮው ውስጥ ይገባል።

ከሳምንት በኋላ ካንዴላውን ሳየው ጥላሸት ለብሷል። ይህም ምክንያት አለው። ሶዶ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ እዚህ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ጄቱ ግን ለዝቅተኛ ቦታ የተለካ ነው። ስለዚህ ቤንዚኑ ለአየሩ ይበዛበታል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል። ከዳሞታ ተራራ ሥር የምንኖር ሰዎች ማጨጃችን ደካማ ነው ብለን ፋሻውን ከመክሰሳችን በፊት ይህን ማሰብ አለብን።

ማጠቃለያ

ኦቶ በንግድ ያደገ፣ ሳይማር የሞከረ ሰው ነው። ቦ ደ ሮሻ ጽፎ ያልሠራ ሰው ነው። ፍርድ ቤቱ ለወረቀቱ ፈረደ፣ ታሪክ ደግሞ ስሙን ለሠሪው ሰጠ። እኔ ለአንዳቸው ብቻ መፍረድ አቅቶኛል። ደብተሬ ላይ የተጻፈው ቅደም ተከተል ባይኖር የት እንደምጀምር አላውቅም ነበር፤ ፍላይ ዊሉን በእጄ ባላዞረው ደግሞ ደብተሩ እዚያው ዶርም ይቀር ነበር።

ለጓደኞቼ አንድ ምክር አለኝ። ሰው ዕቃውን አምኖ ሲሰጣችሁ የምትይዙት ብረት ብቻ አይደለም፤ የቤቱን እንጀራ ጭምር ነው። ይቀየር ከማለታችሁ በፊት አራቱን ጠይቁ፦ ይስባል ወይ? ያምቃል ወይ? ያቃጥላል ወይ? ያስወጣል ወይ? ለባለ ማሽኖችም አንድ መልእክት አለኝ፤ በጋ ሲገባ የነዳጁን ማስተላለፊያ ዘግታችሁ ሞተሩ ራሱ ቤንዚኑን ጨርሶ እስኪጠፋ አሠሩት። ይህች የአምስት ደቂቃ ሥራ ናት። አጎቴ በመጪው ኅዳር እንዲህ ሊያደርጉ ቃል ገብተውልኛል፤ እኔም አጠገባቸው እገኛለሁ።

ቸር ይግጠመን።