ካርል 4ኛ እና ፍጻሜውን ያላየው ድልድይ

ካርል 4ኛ በፕራግ ከተማ በ1316 ተወለደ (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የልደት ስሙ ቫትስላቭ ነበር፤ በሰባት ዓመቱ ወደ ፈረንሳይ ቤተ መንግሥት ተልኮ ሳለ ካርል ተባለ። በ1333 ወደ ቦሄሚያ ሲመለስ ቼክኛን ረስቶት ስለነበር እንደገና ተማረው።

ገና አልጋ ወራሽ ሳለ፣ በ1342፣ ጎርፍ በቭልታቫ ወንዝ ላይ የነበረውን የዩዲት ድልድይ አፈረሰው። በ1346 ነገሠ፤ በ1348 ዩኒቨርሲቲውን መሠረተ፤ በ1357 ደግሞ 516 ሜትር ርዝመትና 16 ቅስቶች ያሉት የድንጋይ ድልድይ አስጀመረ። ሰዓቱን ኮከብ ቆጣሪዎች መረጡለት፣ ኖራውም በእንቁላል ተቦካ የሚለው ወግ ለጎብኚ ይጣፍጥ ይሆናል እንጂ ስለ ንጉሡ ብዙ አይነግረንም። ቁም ነገሩ ድልድዩ አሮጌውን ከተማ ከወንዙ ማዶ ካለው ቤተ መንግሥት ጋር ማገናኘቱ ነው፤ የነገሥታቱ የዘውድ ሥርዓት ጉዞም በዚያው ያልፍ ነበር።

ካርል በ1378 ሲሞት ሥራው አላለቀም፤ የተጠናቀቀው በልጁ ዘመን ነው። በስሙ የተጠራውም በ1870 ነው። ዛሬ ድልድዩን ያስጌጡትን ሐውልቶች አብዛኞቹን እርሱ አያውቃቸውም፤ ከ1683 ወዲህ የቆሙ ናቸውና። ብዙዎቹም አሁን ግልባጮች ሲሆኑ ዋናዎቹ በሙዚየም ተጠብቀዋል።

የ1890ው ጎርፍ ቅስቶችን አፍርሶ ነበር። የፈረሰን ቅስት በአዲስ ድንጋይ መተካት ግድ ነው። ከ2007 እስከ 2010 በተካሄደው ጥገና ግን የቅርስ ባለሙያዎች የተቃወሙት ሌላ ነገር ነበር፤ በግራና ቀኝ መከታው ላይ ሊጠገኑ ይችሉ የነበሩ ጥንታዊ ድንጋዮች በብዛት ተነቅለው በአዲስ መተካታቸውን። ተቃውሟቸው ተገቢ ይመስለኛል፤ በተነቀለው ድንጋይ ላይ የነበረው የጠራቢው የመሮ ምልክት በአዲሱ ላይ የለም።