የዮሐንስ አፈ ወርቅ ዝምታና ንግግር

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ387 ዓ. ም. በአንጾኪያ ከተማ አዲስ ግብር ቢታወጅ፥ ሕዝቡ ተቈጥቶ የንጉሠ ነገሥቱን የቴዎዶስዮስንና የቤተ ሰቡን ሐውልቶች ገልብጦ ጐተተ። ቍጣው ፈጥኖ በረደ፤ ፍርሃቱ ግን ቀረ። ብዙዎች ተያዙ፥ የተገደሉም ነበሩ፤ የቀረው ወደ በረሓ ሸሸ። ሽማግሌው ሊቀ ጳጳስ ፍላብያኖስ፥ እኅቱ በጽኑ ታማ ሳለች፥ ምሕረት ሊለምን በብርድ ወራት ወደ ቍስጥንጥንያ ገሠገሠ።

ቅስና ከተቀበለ አንድ ዓመት ያህል የሆነው ዮሐንስ ግን 7 ቀን ዝም አለ። የኢዮብ ወዳጆች በሐዘንተኛው አጠገብ ዝም ብለው እንደ ተቀመጡ እርሱም ከሕዝቡ ጋራ አዘነ። ይህን ዝምታ ፍርሃት የሚለው ቢኖር የኋላውን ይመልከት። ከዚያ በኋላ በዐቢይ ጾም ወራት ደጋግሞ አስተማረ፤ የዚያ ጊዜ ትምህርቱ 21 ድርሳናት ሆኖ ይቈጠራል። ሕዝቡን በተስፋ ብቻ አላባበለም፤ ሞትን ሳይሆን ኀጢአትን እንዲፈሩ፥ መሐላንም እንዲተዉ ገሠጻቸው። ሰይፍ ለሚጠብቅ ሕዝብ ስለ መሐላ ማስተማር ቀድሞ እንግዳ ነገር ይመስለኝ ነበር፤ ነገር ግን ሞት በደጅ ለቆመበት ሰው ከምግባሩ በቀር በእጁ ምን ይቀርለታል?

ምሕረቱ ለፋሲካ ደረሰ።

በ398 ዓ. ም. የቍስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳስ ሆኖ የባለጠጎችን ቅንጦት ስለ ገሠጸ፥ ንግሥት አውዶክስያና አንዳንድ ጳጳሳት ተነሡበት። በ404 ዓ. ም. ዳግመኛ ተሰደደ። ከስደቱም ቦታ በመልእክት ሲያጽናና በመገኘቱ፥ በ407 ዓ. ም. ወደ ጥቍር ባሕር ዳርቻ እንዲወሰድ ታዘዘ። ወታደሮቹ ሕመምተኛውን በፀሓይና በዝናም አስኬዱት፤ ኮማና በደረሰ ጊዜ ቅዱስ ቍርባን ተቀብሎ፥ እግዚአብሔርን ስለ ሁሉ አመስግኖ ዐረፈ።