የባሕሩ ሙዓሊም አሕመድ ኢብን ማጂድ (ረሒመሁላህ)

በአላህ ስም እጅግ በጣም ርኅሩኅ እጅግ በጣም አዛኝ በሆነው

ውድ አንባቢ! ከጨፋ ሸለቆ ሆኖ ባሕር አይታይም። እኛ የምናውቀው ውሃ ቦርከና ነው። ይሁን እንጂ በበጋ ወራት ከየአቅጣጫው የመጣ ከብትና ግመል በጨፋ ረግረግ ላይ ሲሰፍር አይተው ያውቃሉ። ሣሩና ውሃው ያለበት ቦታ አንድ፣ ወቅቱም አንድ በመሆኑ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይመጣል። በዚህን ጊዜ እረኛ ዓይኑን ከመንጋው ላይ ለአፍታ ካነሳ ከብት ከከብት ይቀላቀላል፣ ይዋጋል፣ ጠብም ይነሳል። በዚህ ጽሑፍ ሕይወታቸውን የምንዘክራቸው ሰው ያስተማሩትም ከዚህ የራቀ አይደለም። ልዩነቱ የእርሳቸው መስክ ባሕር፣ የሚጠብቁትም የሰው ነፍስ የጫነ መርከብ መሆኑ ነው።

ሙሉ ስማቸው ሸሃቡዲን አሕመድ ኢብን ማጂድ ይባላል። የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1430ዎቹ ገደማ፣ ዛሬ ራስ አል-ኸይማ በሚባለው የዓረብ ኤምሬትስ ግዛት ትገኝ በነበረችው በጁልፋር ከተማ እንደሆነ ይነገራል። አያታቸውም አባታቸውም መርከብ መሪዎች ነበሩ። በዚያ ዘመን በባሕር ላይ መንገድ የሚመራው ሰው «ሙዓሊም» ይባል ነበር። ልብ ይበሉ! እኛ ልጆቻችንን ቁርኣን ለሚያቀሩልን መምህር የምንሰጠው ስም ነው። የባሕር ሰዎች ይህን ስም የሰጡት ያለ ምክንያት አይደለም። ሙዓሊሙ ያላወቀውን ተሳፋሪው ሊያውቅ አይችልም፤ ሙዓሊሙ ከተሳሳተ ሁሉም አብሮት ይሰጥማል።

አባታቸው ስለ ቀይ ባሕር ጉዞ ከሺህ በላይ ስንኞች ያሉት ግጥም ጽፈው ነበር። ግጥም የሆነበት ምክንያት መርከበኛው በቃሉ ይዞት በጨለማም በማዕበልም እንዲያስታውሰው ነው። ልጅየው አሕመድ ይህን ትምህርት ተቀብለው ዝም ብለው አላስተላለፉትም። ለረጅም ዓመታት ያንኑ ባሕር እየተመላለሱ በገዛ ዓይናቸው አዩ፣ ለኩ፣ መዘኑ፤ ከዚያም አባታቸው የጻፉትን አርመው አሟሉ። ይህ አባትን ማቃለል አይደለም። አባት የተሰጠውን አደራ ልጅ ይበልጥ አጥርቶ መጠበቁ ነው።

ኢብን ማጂድ እ.ኤ.አ. በ1462 ሓዊያ የተባለውን ረጅም ግጥማቸውን ጻፉ። በ895 ዓመተ ሂጅራ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1490 ገደማ ደግሞ ኪታብ አል-ፈዋኢድ የተባለውን ታላቅ መጽሐፋቸውን አጠናቀቁ። መጽሐፉ 12 ክፍሎች አሉት። የመጨረሻው ክፍል ስለ ቀይ ባሕር ደሴቶች፣ መጠለያዎችና ከውሃ በታች ስለተደበቁ አለቶች የሚናገር ነው። ከዚህም ሌላ በተለያዩ አገሮች ቂብላ ወዴት እንደሆነ የሚያስረዳ ግጥም አላቸው። በአጠቃላይ 40 ያህል ሥራዎች በስማቸው ይታወቃሉ።

ለመሆኑ በዚያ ዘመን የወደብ አደጋ ምን ይመስል ነበር? የሸራ መርከብ የሚሄደው በነፋስ ነው። የሕንድ ውቅያኖስ ነፋስ ደግሞ ግማሹን ዓመት ከአንድ ወገን፣ ግማሹን ዓመት ከሌላ ወገን ይነፍሳል። ስለዚህ መርከቦች ሁሉ የሚነሱት በአንድ ሰሞን፣ የሚደርሱትም በአንድ ሰሞን ነው። እንደ ዓደንና ሆርሙዝ ያሉ ወደቦች የሚጨናነቁት ለዚህ ነበር። ጂዳ ላይ የሐጅ መንገደኛ ሲጨመር መጨናነቁ ይብሳል።

እንዲህ ባለው ቦታ የሸራ መርከብ እንደ መኪና ፍሬን የለውም። ትልቁን ሸራ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ለማዞር ብዙ ሰው ገመድ መሳብ አለበት፣ ጊዜም ይወስዳል። ሸራው ሲወጠር በአንድ ወገን ያለውን ይጋርዳል፤ መሪውን የያዘው ሰው ከሸራው ጀርባ የሚመጣውን ጀልባ ላያየው ይችላል። መልሕቅ ጥሎ የቆመ መርከብም ቢሆን ነፋስ ሲለወጥ ይዞራል፣ መልሕቁ ከለቀቀም እየተጎተተ ከጎረቤቱ ጋር ይላተማል። ስለዚህ ከፊት የሚያይ ሌላ ሰው፣ ሌሊትም ተራ ገብቶ የሚጠብቅ ሰው የግድ ያስፈልጋል።

በቀይ ባሕር ደግሞ ኮራል የሚባለው ስለታም አለት አለ። ጂዳ ወደብ የሚገባው በእነዚህ አለቶች መካከል ባለ ጠባብ መንገድ ነው። ከኢብን ማጂድ ሦስት መቶ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1183፣ ኢብን ጁበይር የተባለው መንገደኛ ለሐጅ ከዐይዛብ ተነስቶ በዚያ ሲገባ የመርከብ መሪዎቹን ጥበብ አድንቆ ጽፏል። ፀሐይ ከፊት ስትሆን ውሃው ስለሚያንጸባርቅ አለቱ አይታይም፤ ከኋላ ወይም ከአናት ስትሆን ግን የውሃው ቀለም ጥልቁን ከጥልቅ ያልሆነው ይለያል። በመሸ ጊዜ መልሕቅ ጥሎ ማደር የተለመደውም ለዚህ ነበር። በዚህ ባሕር ላይ ነው እንግዲህ ቀደም ባለው ዘመን ከአገራችን ለሐጅ የሄዱ አባቶችና እናቶች የተሻገሩት።

ኢብን ማጂድ ለሙዓሊም የደነገጉት ሥርዓት ከዚህ የተነሳ ነው። መርከቡ ገና የብስ ላይ ሳለ ጉድለቱን መርምሮ እንዲይዝ፣ ገመዱንና ሸራውን እንዲፈትሽ፣ የሰዎችን ምክር ሁሉ አድምጦ የሚበጀውን ብቻ እንዲወስድ፣ እንቅልፍ እንዳያበዛ አስተምረዋል። ዓይኑ ከኮከብና ከኮምፓስ ሌላ የወፎችን በረራ፣ የባሕር እባቦችን፣ የውሃውን ቀለምና የባሕሩን ወለል እንዲከታተል አሳስበዋል። በባሕር ላይ ያለ ሰው የአላህ እንግዳ መሆኑን አስታውሶ ንጽሕናውን እንዲጠብቅም መክረዋል። በዚያን ዘመን የባሕር ርቀት ራሱ የሚለካው «ዛም» በሚባል መለኪያ ነበር። አንድ ዛም የሦስት ሰዓት ጉዞ ነው፤ ቀንና ሌሊቱ በስምንት ዛም ይከፈላል። ከስምንቱ አንዱም እንኳ ጠባቂ የሌለው ሊሆን አይገባም።

ውድ አንባቢ! እንዲህ ያስተማሩት ሰው ከሞቱ በኋላ ከባድ ስም ወጣባቸው። ፖርቹጋላዊው ቫስኮ ዳ ጋማ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1498 ከማሊንዲ ተነስቶ በግንቦት ወር ሕንድ ካሊኬት የደረሰው አንድ የአካባቢው መርከብ መሪ መንገድ መርቶት ነው። ከ70 ዓመት በላይ ቆይቶ የጻፈው የመካው የታሪክ ሰው ቁጥበዲን አን-ነህረዋሊ መሪው አሕመድ ኢብን ማጂድ እንደነበሩና መንገዱን ያሳዩት አስካሪ መጠጥ ጠጥተው እንደሆነ ጻፈ። ይህ ወሬ በብዙ መጻሕፍት ተደገመ።

ነገሩ ሲመረመር ግን ሌላ መልክ አለው። ከፖርቹጋል ጸሐፊዎች ዋና የሆነው ባሮስ መሪው የጉጅራት ሰው እንደነበረ ይናገራል፤ ኢብን ማጂድ ደግሞ የጁልፋር ዓረብ ናቸው። በዚያን ጊዜም ዕድሜያቸው ወደ 60ዎቹ የገባ ሽማግሌ ነበሩ። የዑስማንያው የባሕር አዛዥ ሲዲ ዓሊ እ.ኤ.አ. በ1554 ሙሒጥ የተባለውን መጽሐፉን ሲያዘጋጅ በኢብን ማጂድ ሥራዎች ተጠቅሟል፣ ታማኝነታቸውንም አመስግኗል። በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጻሕፍታቸውን በጥልቀት ካጠኑት ምሁራን አንዳንዶቹ የነህረዋሊን ወሬ አልተቀበሉትም። ወላሁ አዕለም። ዕድሜ ልካቸውን ሙዓሊም ሆይ አትተኛ እያሉ ያስተማሩትን ሰው መሪ ይዘው ሰከሩ ብሎ ማለፍ ቀላል አልነበረም፤ ሆኖም አንድ ሰው ሳያጣራ ጻፈ፣ ሌሎችም ሳያጣሩ ደገሙት። መርከብ በቸልታ እንደሚላተም የሰው ስምም በቸልታ ይሰበራል። የሟች ስም ደግሞ ራሱን መከላከል አይችልም።

በቀናቸው የምትታወቀው የመጨረሻዋ ሥራቸው የተጻፈችው በ906 ዓመተ ሂጅራ፣ እ.ኤ.አ. በ1500 ገደማ ነው። ከዚያ ብዙም ሳይቆዩ ወደ አኺራ እንደሄዱ ይገመታል። ትምህርታቸው ግን አልሞተም። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው ዓለም አቀፍ የመርከብ ግጭት መከላከያ ደንብ ማንኛውም መርከብ በማንኛውም ጊዜ በዓይንም በጆሮም ጥበቃ እንዲያደርግ ያዛል። ሁለት የሸራ ጀልባዎች ሲቀራረቡም ነፋስ በግራ ጎኑ የሚመታው መንገድ ይለቃል፤ ነፋሱ የሁለቱንም አንድ ጎን የሚመታ ከሆነ ነፋሱ ከሚመጣበት ወገን ያለው ለሌላው ይለቃል። ሆኖም መንገዱ የእኔ ነው ብሎ ዓይኑን መጨፈን ለማንም አልተፈቀደም።

ባሕር የለንም ብለን ይህን ትምህርት አንተወው። ከአዲስ አበባ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና ከሚሴን መሃል ለመሃል ያቋርጣል። ከባድ መኪናው፣ ባጃጁ፣ ጋሪው፣ ግመሉና ከመድረሳ የሚመለሰው ሕፃን የሚተላለፉት በዚያው በአንድ መንገድ ላይ ነው። ገበያ በቆመ ቀን ከተማችን እንደ ጂዳ ወደብ ናት። መሪ የጨበጠ ወንድማችን የእነዚህ ሁሉ ነፍስ በእጁ እንዳለ ይወቅ። እንቅልፍ ከመጣበት ዳር ይዞ ይቁም፤ ከመነሳቱ በፊት ፍሬኑንና ጎማውን ይመርምር፤ ተሳፋሪ ቀስ በል ሲለው አይቆጣ። ተሳፋሪውም ዝም አይበል። ከአምስት መቶ ዓመት በላይ የሆነው የሙዓሊሙ ምክር ይኸው ነው።

አላህ ለሙዓሊም አሕመድ ኢብን ማጂድ ይዘንላቸው። በየብስም በባሕርም የሚጓዙትን ሁሉ በሰላም ለቤታቸው ያብቃ። አሚን።